ሃይማኖትን የሚነካ ኮሜዲ ሲፈተን፦ የተመልካችን ሳቅ፣ ዝምታና ቅያሜ እንዴት መመዝገብና ማንበብ ይቻላል?

በሃይማኖት ዙሪያ በድፍረት የሚቀልድ ፊልም ለሙከራ ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ይናወጥና፣ መጠይቁ ተሰብስቦ ሲቆጠር ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ተገላቢጦሹም ይደርሳል፤ ፊልሙን ትንፋሹን ውጦ የተመለከተ ሰው ሲወጣ «በጣም ወድጄዋለሁ» ብሎ ይጽፋል። በሌላ ዓይነት ኮሜዲ ሳቅና መውደድ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ እዚህ ግን መንገዳቸው ይለያያል። አማኝ ተመልካች ሳቁ ሳያስበው ያመልጠዋል፤ ወዲያው ደግሞ «ቆይ፣ ምን ላይ ነው የሳቅሁት?» ይላል። መልሱ «ግብዙ ሰውዬ ላይ» ከሆነ ቀጣዩን ቀልድ ሳይሳቀቅ ይስቅበታል። «የማመልከው ላይ» ከሆነ ግን ያሳቀውን ፊልም ይቀየመዋል፤ በሳቀው ልክ ይቀየመዋል።

ስለዚህ የሳቅን መጠን መለካት ብቻውን አይበቃም። ተመልካቹ ቀልዱ ማን ላይ አረፈ ብሎ እንደተረዳ መታወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከግብዣው እስከ ቆረጣው ድረስ ይህችን ጥያቄ የሚከተል ነው።

የቀልድ ዝርዝር

አንድም ተመልካች ከመጠራቱ በፊት ፊልሙን እያስቆሙ ይመልከቱና ለእያንዳንዱ ቀልድ አንድ መስመር ይያዙ። መስመሩ ላይ ቀልዱ የሚታሰርበት (ሳቁ የሚጠበቅበት) ደቂቃና ሰከንድ፣ ቀልዱን የሚያስታውስ አጭር ሐረግ፣ ቀልዱ በቃል፣ በምስል ወይስ በድምፅ የመጣ መሆኑ፣ በመጨረሻም ማረፊያው፣ ማለትም ቀልዱ ማን ወይም ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ይጻፋል። የ90 ደቂቃ ኮሜዲ ዝርዝር ከ100 መስመር ቢያልፍ አይግረምዎ። በማሳያው ዕለት የተመልካቹን ሳቅ ለሚመዘግቡት ታዛቢዎች የሚሰጠው ግን ሃይማኖትን በቀጥታ የሚነኩት ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ብቻ ነው፤ ከዚያ ከበዛ ታዛቢው ወረቀት ላይ አቀርቅሮ አዳራሹን ማየት ይተዋል።

ማረፊያውን በስድስት ቁጥር ይክፈሉት። 1 የሚመለከው ራሱ ወይም የእምነቱ መሥራች ነው። 2 ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ ሥርዓትና ንዋየ ቅድሳት። 3 የሃይማኖት አባት ወይም ሰባኪ። 4 ተቋሙ፣ ገንዘቡና ሥልጣኑ። 5 ተራው አማኝ። 6 ደግሞ በየትኛውም ቦታ ያለ የሰው ጠባይ፣ ማለትም ግብዝነት፣ ስስት፣ መንጋነት፣ የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው።

ዝርዝሩን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሙሉት። አንዱ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ይሁን። ሌላው እምነቱን ከውስጥ የሚያውቅና በፊልሙ ሥራ ያልተካፈለ ሰው ይሁን። ሁለቱ የተስማሙበት መስመር ብዙ አያሳስብም። የተለያዩበት ላይ ቀይ ምልክት ያድርጉ፤ ችግሩ በብዛት የሚፈልቀው ከዚያ ነው። የተለመደው ልዩነት ጸሐፊው 6 ብሎ የጻፈውን ሌላው 2 ማለቱ ነው። አንድ አስመሳይ ገጸ ባሕርይ ጸሎት ሲያበላሽ ጸሐፊው የሚያየው የሰውዬውን አለማወቅ ነው፤ አማኙ የሚሰማው ግን የተበላሸውን ጸሎት ነው።

ቁጥር 5 በብዙ አዘጋጆች ዘንድ ቀላል ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በገንዘብ ወዳድ ሰባኪ ሲቀለድ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ሰው፣ በአንዲት አሮጊት ጸሎት ሲቀለድ ፊቱ ይለዋወጣል። እናቱን አይቶባታልና።

ማን ይጠራል፣ እንዴት ይጠራል

ሦስት ማሳያ ቢኖርዎት መልካም ነው። የመጀመሪያው ፊልሙ የሚነካውን እምነት አዘውትረው ለሚፈጽሙ፣ ሁለተኛው በዚያው እምነት አድገው ለማያዘወትሩ፣ ሦስተኛው እነዚህን ሁሉ ከሌላ እምነት ተከታዮችና ከማያምኑ ጋር ለቀላቀለ አዳራሽ። መለየቱ የሚያስፈልገው ሳቅ የማኅበር ነገር ስለሆነ ነው። ሳቅን ለዓመታት ያጠናው ሮበርት ፕሮቫይን ሰዎች ብቻቸውን ከሚሆኑበት ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆኑ 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቁ አግኝቷል። በተቀላቀለ አዳራሽ የማያምነው ሰው ሳቅ አማኙን ወይ ይጎትተዋል ወይ ይቆልፈዋል። ሁለቱም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ግን አማኞች ለብቻቸው ሲሆኑ የሚስቁትን አስቀድመው ካላወቁ የትኛው እንደደረሰ መለየት አይችሉም።

አቅም ለአንድ ማሳያ ብቻ ከሆነ የተቀላቀለውን ይምረጡ፤ መጠይቁ ጥግ ላይ ቡድኑን የሚለይ ትንሽ ቁጥር ያትሙ። በቀለም አይለዩ። ሰው ከጎኑ ያለው ወረቀት ቀለሙ ሌላ መሆኑን ሲያይ ለምን እንደሆነ ይገምታል፣ መልሱንም ያስተካክላል።

ለቡድን ምደባ «ሃይማኖተኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ አብዛኛው ሰው አዎ ይላል። «ባለፉት 30 ቀናት ስንት ጊዜ ወደ አምልኮ ቦታ ሄዱ?» እና «ለመጨረሻ ጊዜ የጸለዩት መቼ ነው?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የተሻለ ይለያሉ። ከአንድ ማኅበር ወይም ከአንድ ቤተሰብ ከሁለት ሰው በላይ አይውሰዱ። የሃይማኖት አባቶችን ከተራው ተመልካች ጋር አያስቀምጡ፤ አባት ባለበት ረድፍ ሰው ሳቁን ይውጣል።

ግብዣው እውነቱን ይናገር። «ፊልሙ ኮሜዲ ነው። በሃይማኖት ጉዳይ በድፍረት ይቀልዳል። ካልተመቸዎት በማንኛውም ጊዜ ተነሥተው መውጣት ይችላሉ።» ይህን መደበቅ ከጨዋነት ውጭ ከመሆኑም ሌላ መረጃውን ያበላሻል፤ የሚለኩት በፊልሙ ላይ ያለውን ስሜት ሳይሆን የተታለለ ሰው ቁጣ ይሆናል። ታሪኩንና ቀልዶቹን ግን አይንገሩ። ግብዣውን ሰምተው እንቢ ያሉትን ይቁጠሩ፤ ፈቃደኛ ከሆኑም ምክንያታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህ የመጀመሪያው መረጃ ነው፤ እነሱ ካልተቆጠሩ አዳራሽ የገባው ሁሉ አስቀድሞ የተመረጠ መሆኑ ይረሳል።

እሺ ካሉት ብዙዎቹ ይቀራሉና ከወንበሩ ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ ይጋብዙ። የጾም ወቅትን፣ የበዓል ዋዜማን፣ በአምልኮ ቦታ ላይ ጥቃት የተሰማበትን ሳምንት ይተዉ።

አዳራሹና መቅረጫው

ከ80 እስከ 120 ወንበር ያለው አዳራሽ ይበቃል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መሙላት አለበት። ተበታትኖ የተቀመጠ ሰው አይስቅም፤ 40 ሰው በ200 ወንበር አዳራሽ ከሆነ የኋላ ረድፎችን በገመድ ዘግተው ሰዉን ወደ መሐል ያሰባስቡ።

ሁለት ማይክሮፎን ከስክሪኑ በታች በግራና በቀኝ፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ፣ ጀርባቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አድርገው ይትከሉ። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይቅረጹ፤ ከፍተኛው ሳቅ ከሚነስ 12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አስቀድመው በጭብጨባ ያስተካክሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የፊልሙ ድምፅ ሳቁን ሲውጠው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተመልካች ከመግባቱ በፊት ፊልሙን በባዶ አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ መጠን፣ በዚያው ማይክሮፎን አንድ ጊዜ ቀርጸው ያስቀምጡ። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲያስተያዩ የተረፈው የተመልካቹ ድምፅ ነው።

በጨለማ የሚያይ ኢንፍራሬድ ካሜራ ካለ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከጎን ይቆም። ቀረጻው ከፊልሙ ጋር እንዲገጥም ከመጀመሪያው ምስል በፊት አንድ አጭር የድምፅ ምልክት ያስገቡ። ተመልካቹ ስለ ካሜራው ማወቅና በፊርማ መፍቀድ አለበት። ሰዎች በራሳቸው ማኅበር ዘንድ የሚያስወቅስ ሳቅ ስለሚስቁ ምስሉ ከእጅ ቢወጣ ሰው ይጎዳል። ምስሉ ያለበትን ዲስክ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ የምዝገባው ሥራ ሲያልቅ ይደምስስ፤ የሚደመሰስበት ቀን ፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

በር ላይ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይቀመጥና የሚወጣውንና የሚመለሰውን በደቂቃ ይመዝግብ። የሚወጣ ሰው ሁሉ ተቀይሞ አይደለም። ብቻውን ወጥቶ የሚመለስ ብዙውን ጊዜ ለመጸዳጃ ነው፤ ዕቃውን ይዞ የወጣ፣ ወይም ሁለት ሆነው የተነሡ ግን ውሳኔ ወስነዋል። የሚሄደውን አያስቁሙ፤ «ለመጡልን እናመሰግናለን» ብለው አጭር ወረቀት ይስጡትና ከፈለገ ይሙላው።

ዘግይቶ የመጣ አይገባ። እ.ኤ.አ. በ1979 የእንግሊዙ የኮሜዲ ቡድን ሞንቲ ፓይተን፣ በኢየሱስ ዘመን ኖሮ በስሕተት መሲሕ ስለተባለ ብራያን ስለሚባል ሰው የሠራው ፊልም «ላይፍ ኦፍ ብራያን» በወጣ ጊዜ፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቡድኑ አባላት ጆን ክሊዝና ማይክል ፔሊን ከጋዜጠኛው ማልኮም ማገሪጅና ከሳውዝዋርክ ጳጳስ ከመርቪን ስቶክዉድ ጋር ተከራክረው ነበር። ሁለቱ ነቃፊዎች ለማየት ዘግይተው ደርሰው የፊልሙ መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያህል አምልጧቸው እንደነበር ቡድኑ በኋላ ተናግሯል። ፊልሙ ኢየሱስና ብራያን ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን የሚያሳየው በዚያው መጀመሪያ ላይ ነው። የቀልዱ ማረፊያ የሚታወቅበትን ትዕይንት ያላየ ሰው መጠይቅ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ሳቁንና ዝምታውን መለየት

አራት ታዛቢዎች በአዳራሹ ጎንና ጎን ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ሰው ይከታተል። ሳቁን ከ0 እስከ 4 ይጻፉ፦ 0 ምንም፣ 1 ጥቂት ፈገግታና የታፈነ ሳቅ፣ 2 እዚህም እዚያም ሳቅ፣ 3 አብዛኛው ሰው፣ 4 ቀጣዩን ንግግር የሚሸፍን። ይህ ለማንኛውም ኮሜዲ የሚሠራ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፊልም ግን ከቁጥሩ አጠገብ የሳቁ ጠባይ ይጻፋል።

አዳራሹን በአንድ ጊዜ የሚያነሣና ቀስ ብሎ የሚረግብ ሳቅ ሙሉ ሳቅ ነው። ከፍ ብሎ ተነሥቶ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ የሚል ሳቅ አለ፤ ይህ አምልጦ የወጣ ሳቅ ነው፣ ባለቤቱ ወዲያው ደንግጦበታል። እጅን አፍ ላይ ጭኖ መሳቅ ሁለት ትርጉም ስላለው ቀጥሎ ያለው ይታይ፦ እጁን አውርዶ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ከሳቀ ተደስቷል፤ እጁን እንደጫነ ወደ ታች ካየ አፍሯል። ቀልዱ ካለፈ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በኋላ፣ ግራ ቀኙን አይቶ የሚጀምር ሳቅ የፈቃድ ሳቅ ይባላል፤ ሰውዬው ሌሎች ሲስቁ አይቶ ነው የሳቀው። ከአንድ ጥግ ብቻ ተነሥቶ ያልተዛመተ ሳቅ ደግሞ የአንድ ቡድን ሳቅ ነው፤ ቀሪውን ሊያስቆጣ ስለሚችል የሌሎቹን ፊት ወዲያው ይመልከቱ።

ዝምታ ከሳቅ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ታዛቢዎችም በብዛት የሚሳሳቱት እሱ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት አለው። የመሰልቸት ዝምታ ድምፅ አለው፦ ወንበር ይንሿጠጣል፣ ሳል ይበዛል፣ ስልክ ያበራል። የድንጋጤ ዝምታ ፍጹም ጸጥታ ነው፤ ሳል እንኳ አይሰማም፣ ዓይን ከስክሪኑ አይነቀልም። የኩርፊያ ዝምታ ደግሞ በአካል ይታያል፦ ክንድ ይታጠፋል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ራስ ይነቀነቃል፣ ባልና ሚስት ይተያያሉ፣ ጉርምርምታም ይሰማል። «መ»፣ «ድ»፣ «ኩ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። መለየት ያለባቸው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። መሰልቸት ቀልዱ ደካማ መሆኑን ያሳያል። ድንጋጤ ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆይቶ በሳቅ ከተፈታ ምናልባት የፊልሙ ምርጥ ቦታ ነው። ኩርፊያ ግን አንዴ ከገባ ቀጣዮቹን ቀልዶች ይዞ ይወድቃል።

ለዚህም ነው የአንድን ቀልድ ቁጥር ብቻውን ማንበብ የማይገባው። ከማረፊያ 1 ወይም 2 ቀልድ በኋላ የሚመጡት አምስት ቀልዶች በሙሉ ከሌላው ቡድን ዝቅ ካሉ፣ ጉዳቱ በአምስቱ አይደለም፤ ከእነሱ በፊት ባለው ነው። አምስቱን ማሻሻል ላይ ሳምንታት የሚያባክን ቡድን ብዙ ነው።

መጠይቁ

መብራት እንደበራ፣ ሰው ከሰው ሳያወራ ይሰጥ። አንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ፣ ከ12 ጥያቄ ያልበለጠ፣ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ። ስም አይጻፍበትም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ሚዛን ይምጣ፤ የፊልም ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ባለ አምስት ደረጃ ይሠራል፦ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። ቀጥሎ «ለሌላ ሰው ይመክሩታል?» ይጠየቅ። ሃይማኖት የሚለው ቃል ከእነዚህ በፊት ከመጣ ሰው ፊልሙን ሳይሆን አቋሙን ይመዝናል። ከዚያ «ገና በአእምሮዎ ያለ ትዕይንት የትኛው ነው?» የሚል ክፍት ጥያቄ። ከዚያ ዋናው፦ «ፊልሙ በአብዛኛው የሚቀልደው በማን ወይም በምን ላይ ነው?» ለዚህ ምርጫ አይስጡ፤ ባዶ መስመር ይተዉ። ተመልካቹ በራሱ ቃል የጻፈው ከስድስቱ ማረፊያዎች በየትኛው እንደሚወድቅ በኋላ እርስዎ ይመድባሉ።

«ፊልሙ አስቀየመዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበጅም። ግማሹ ሰው ደካማ መስሎ እንዳይታይ አይ ይላል፤ ግማሹ ጥያቄውን አይቶ መቀየም ነበረብኝ እንዴ ይላል። «የከበደዎት ወይም የሰቀጠጠዎት ቦታ ነበረ? የትኛው?» የሚለው ወደ ትዕይንቱ ይመራል። ከሁሉ ብዙ መረጃ የሚሰጠው ደግሞ «ይህን ፊልም ከማን ጋር ሆነው ማየት አይፈልጉም?» የሚለው ነው። «ከማንም ጋር ማየት እችላለሁ»፣ «ከአባቴ ጋር አይሆንልኝም»፣ «ከማያምኑ ጓደኞቼ ጋር አልፈልግም» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ፊልሞችን የሚገልጹ መልሶች ናቸው። ሦስተኛው በተለይ ይታሰብበት፤ ቀልዱ በቤተሰብ መካከል ሲሆን ያስቃል፣ በባዕድ ፊት ሲሆን ያሳፍራል ማለት ነው።

«እኔን» እና «ሌሎችን» መለየትም ግድ ነው። ተመራማሪው ደብልዩ ፊሊፕስ ዴቪሰን እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳየው ሰዎች አንድ መልእክት ከራሳቸው ይልቅ ሌሎችን ይነካል ብለው ይገምታሉ። ስለዚህ «እኔ ምንም አልመሰለኝም፣ ሌላው ግን ይቆጣል» የሚል መልስ ከተቆጣ ሰው ጋር አይደመር። ዕድሜ፣ ጾታና የእምነት ልምድ መጨረሻ ላይ ይጠየቁ።

ውይይቱ

ከ12 እስከ 15 ሰው ለ30 ደቂቃ ያስቀሩ፤ አማኞችን ለብቻ፣ ሌሎችን ለብቻ። የሚመራው ሰው በፊልሙ ሥራ የሌለበት ይሁን፤ ዳይሬክተሩ ክፍሉ ውስጥ ካለ ሰው ያዝንለታል ወይም ይናደድበታል። ማንም ከመናገሩ በፊት የከበዳቸውን ትዕይንት በቁራጭ ወረቀት ይጻፉና ይሰብስቡ። ይህ ካልተደረገ ቀድሞ የተናገረው አጥባቂ ሰው የክፍሉን አቋም ይወስናል፤ ከእሱ በኋላ «እኔስ ስቄያለሁ» የሚል አይገኝም።

«ለምን ተቀየሙ?» ማለት ሰውን ጠበቃ ያደርገዋል። «ያንን ትዕይንት ለማያውቅ ሰው ቢነግሩት እንዴት ይነግሩታል?» ይበሉ። ሰው ታሪኩን ሲተርክ ማረፊያውን ራሱ ይገልጠዋል፦ «ሰባኪው ተጋለጠ» ይላል ወይስ «በጸሎታችን ተሳለቁ» ይላል? ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ትዕይንት ሊነገሩ ይችላሉ።

ያዘነ ሰው ሲናገር አያስረዱት። የጸሐፊውን ሐሳብ መከላከል ከተጀመረ ክፍሉ ይዘጋል፣ መረጃውም ያበቃል።

ለሃይማኖት መምህራን የተለየ ጊዜ ይስጡ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰው፣ ፊልሙን ሙሉ አይተው፣ አንድ በአንድ። ከእነሱ ፈቃድ አይለመንም፤ የሚፈለገው እውቀት ነው። አንድ ምልክት፣ አንድ የልብስ ቀለም፣ አንድ የጸሎት ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዱ ጉዳት ጸሐፊው ባላሰበው ዕቃ የሚመጣ ነውና።

ውጤቱን ማንበብ

ከእያንዳንዱ ቀልድ አጠገብ የሦስቱን ቡድን የሳቅ አማካይ፣ የዝምታውን ዓይነትና በመጠይቁ ከበደኝ ያሉትን ቁጥር ይጻፉ። በ30 ሰው ቡድን አንድ ሰው ከመቶ 3 ያህል ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው የጠቀሰው ትዕይንት አይበቃም፣ አምስት ወይም ስድስት ሰው ሳይነጋገር አንድ ትዕይንት ከጠቀሰ ግን ሊታይ ይገባል።

ያልሳቁበትና ያስቀየማቸው ቀልድ ያለ ክርክር ይውጣ። ያልሳቁበትና ምንም ያልመሰላቸው የተለመደ የኤዲት ሥራ ነው። የሳቁበትና ያስቀየማቸው ግን በችኮላ አይቆረጥ፤ ብዙውን ጊዜ የፊልሙ ጉልበት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ፒተር ማግሮውና ኬሌብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አዲስ አባላት ለመሳብ ውድ መኪና በዕጣ ስለምታወጣ ቤተ ክርስቲያን ለሰዎች አስነብበው ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትም የማይሄዱትም ድርጊቱን ነቅፈውታል፤ በይበልጥ የሳቁት ግን የማይሄዱት ናቸው። ጥፋት መሆኑን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱ ጉዳት እንደሌለው ሆኖ መታየቱ ሌላ ነው፤ ሳቅ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የእርስዎም ሥራ ለአማኙ ያ ጉዳት የለሽነት እንዲታየው ማድረግ ነው።

ይህ በኤዲት የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። የገጸ ባሕርዩ ግብዝነት ከቀልዱ በፊት እንዲታወቅ ትዕይንቱን ወደ ፊት ማምጣት የመጀመሪያው ነው፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ ያላወቀ ተመልካች ጸሎቱ ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው የካሜራውን ማረፊያ መቀየር ነው፦ ቀልዱ ሲታሰር ምስሉ ቅዱሱ ዕቃ ላይ ከሆነ ሳቁ እዚያ ያርፋል፤ ሰውዬው ፊት ላይ ከሆነ ሰውዬው ላይ ያርፋል። አንድ ሰከንድ ተኩል፣ ማለትም 36 ፍሬም (በሰከንድ 24 ከሚያልፉት ነጠላ ምስሎች) መለወጥ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ሦስተኛው ድምፅ ነው። እውነተኛ የጸሎት ቃል ወይም ዜማ ከቀልድ በታች ሲሰማ ከንግግሩ ይልቅ እሱ ይሰቀጥጣል፤ ለፊልሙ በተፈጠረ ቃልና ዜማ ቢተካ ሳቁ ሳይቀንስ ቅያሜው ሊወርድ ይችላል። በፊልሙ ውስጥ አንድ በእውነት የሚያምንና የማይዋረድ ሰው መኖሩም ብዙ ይለውጣል፤ አማኙ ተመልካች የሚቆምበት ቦታ ያገኛል። «ላይፍ ኦፍ ብራያን» የተራራውን ስብከት ያሳየው በዚህ መንገድ ነው፦ ሰባኪው በአክብሮት ይናገራል፣ የሚቀለደው ከሩቅ ሆነው በደንብ ባልሰሙት ሰዎች ነው።

ሳቁ 4 በሆነበት ቦታ ቀጣዩ ንግግር እንዳይጠፋ ከ12 እስከ 24 ፍሬም ይጨምሩ፤ ግን በባዶ አይሙሉት። ቤቱ ብቻውን የሚያይ ሰው ያንን ክፍተት እንደ ስሕተት ያየዋል። የፊት ገጽታ ወይም ትንሽ እንቅስቃሴ ይግባበት።

ከተስተካከለ በኋላ ማሳያው በአዲስ ሰዎች፣ በዚያው መጠይቅ ይደገም። ጥያቄው አንድ ቃል እንኳ ከተለወጠ ሁለቱን ውጤት ማነጻጸር አይቻልም።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ

አሁን የሚመጣው ድምፅ የሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ፊልሙን ያየና ወሬውን ብቻ የሰማ። «ላይፍ ኦፍ ብራያን» በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1980 ታግዶ፣ በስዊድን «እጅግ አስቂኝ ከመሆኑ የተነሣ ኖርዌይ ውስጥ የታገደ» ተብሎ ማስታወቂያ ተሠርቶለታል፤ በአየርላንድ እስከ 1987 ታግዶ ቆይቷል። በብሪታንያ ካገዱት የአካባቢ ምክር ቤቶች አንዳንዶቹ በግዛታቸው አንድ ሲኒማ ቤት እንኳ አልነበራቸውም። እንዲህ ያለው ተቃውሞ እውነተኛ ስሜት ነው፣ ሊናቅም አይገባም፤ ስለ ኤዲቱ ግን ምንም አይነግርም።

አስተያየት ሲሰበሰብ ማስታወቂያው ውስጥ የሌለ ትዕይንት የጠቀሰውን «ያየ»፣ ያልጠቀሰውን «ያልታወቀ»፣ አላየሁም ያለውን «ያላየ» ብለው ይለዩ፤ የመጀመሪያውን ሳምንትና የሦስተኛውን ለየብቻ ይቁጠሩ። ዛቻ ከአስተያየት ጋር አይቆጠር፤ በዚያው ሰዓት ለጸጥታ አካል ይተላለፍ። የብራዚሉ ፖርታ ዶስ ፉንዶስ የኮሜዲ ቡድን የገና ፊልሙ ባስነሣው ቁጣ መካከል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 2019 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያለው ቢሮው ላይ የእሳት ጠርሙስ ተወርውሮበታል። የፊልሙ ሠራተኞች አድራሻና የማሳያ ቦታዎች ዝርዝር በማን እጅ እንዳለ ከመውጫው ቀን በፊት ይታወቅ።

ያላዩት ሰዎች ቁጣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከማስታወቂያ ቅንጭቡ ነው። በ90 ሰከንድ ውስጥ አምስቱ ደፋር ቀልዶች ተከታትለው ሲመጡ ገጸ ባሕርዩ ማን እንደሆነ የሚነግር ትዕይንት ይቀራል፤ ማረፊያ 6 የነበረው ሁሉ 1 እና 2 ይመስላል። ስለዚህ ቅንጭቡ ራሱን ችሎ፣ ፊልሙን ላላዩ 20 አማኞች፣ በአንድ ጥያቄ ይፈተን፦ «ይህ ፊልም በማን የሚቀልድ ይመስልዎታል?» ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከፊልሙ የተለየ መልስ ከሰጡ ቅንጭቡ እንደገና ይሠራና ለሌሎች 20 ሰዎች ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹ ግን ዳግም አይጠሩም፣ የሚጠበቅባቸውን መልስ ገምተውታልና።